ፎቶ አንሺው ፉርጎ

ኑ ልጆቼ፣ ጥላው ጋ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ፀሐዩ እንዳይመታችሁ። ሕልም ለሰው ካልነገሩት ደረት ላይ ተጭኖ ይውላል። የኔ ደረት ደግሞ አርጅቷል።

ትናንት ማታ በሕልሜ እዚሁ ድሬ፣ ከቤቴ አጠገብ ካለው የባቡር ጋራዥ ግቢ ቆሜያለሁ። እነዚያ ወጣቶቹ እየመጡ ፎቶ የሚያነሷቸው ስብርባሪ ፉርጎዎች የሉም? ፉርጎዎቹ ራሳቸው ካሜራ በአንገታቸው አንጠልጥለው ይንጎራደዳሉ። ሐዲዱ ላይ የቆምነው እኛ ነን። ጡረተኛው፣ ባል የሞተባት፣ ሁላችንም አንዱ የሌላውን ወገብ ይዘን እንደ ፉርጎ ተቀጣጥለናል።

ጣራው የተገነጠለ አንድ ፉርጎ መጣና ጉልበቴን በመዶሻ ኳ! አደረገኝ። ጎንበስ ብሎ አዳመጠ።

“ይቺ ተሰንጥቃለች” አለ።

“ታዲያ ምን ይሻለኛል ጌታዬ?”

“ምን ይሻለኛል ትላለች እንዴ! ያምራል እኮ! አቦ አትነቃነቂ፣ ብርሃኑ ሳይሄድ።”

ነጠላዬን ላስተካክል ብል ጮኸብኝ። “ተይው! ቀዳዳው ነው የሚፈለገው።” ከዚያ ጀርባዬ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገብኝ።

መዶሻውን ሳየው ክው አልኩ። የባሌ የጫንያለው መዶሻ ነው። የሱ ሥራ ይኸው ነበር፤ ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት የብረት ጎማውን እየመታ ያዳምጣል። ደህናው እንደ ደወል ይጮኻል። የተሰነጠቀው እንደ ሸክላ ዱቅ ይላል። ዱቅ ካለ በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል፤ ምልክት ያለበት ፉርጎ ንቅንቅ አይልም። አንድ ቀን እሱ ከሥር ጆሮውን ደግኖ ሳለ ባቡሩን አንቀሳቀሱት።

ፎቶ አልነበረውም። ሰው ለቅሶ ላይ የሟቹን ፎቶ ከፍ አድርጎ ያለቅሳል፤ እኛ ከፍ ያደረግነው መዶሻውን ነበር። አሁን መልኩ እየሸሸኝ ነው ልጆቼ። አፍንጫው አለ። አገጩ ጠፍቶብኛል።

“የመዶሻውን ባለቤት ታውቀዋለህ?” አልኩት ፉርጎውን።

“እንዴት አላውቀው! እኔ ሥር አይደል የሞተው?” አለ ቀዝቀዝ ብሎ። “ፎቶም አንስቼዋለሁ።”

“በናትህ ስጠኝ!”

“ሰልፍሽን ያዢ።”

ወዲያው ግቢው ፎቶ ቤት ሆነ። ግድግዳው ላይ የተሰቀልነው እኛ ነን። ፉርጎዎች ከረባት አስረው፣ ቬሎ ለብሰው ሊያዩን ይገባሉ።

“ይቺ ዝገቷ ሲያምር!” አለች አንዷ ፉርጎ እኔን እያየች።

“የማን ሚስት ነበረች?”

“ማን ያውቃል! ለሳሎን ግን ትሆናለች።”

ጥጉ ላይ ያ ጣራ የለሹ ፉርጎ የፎቶ ወረቀት ውሃ ውስጥ ነክሮ ያወዛውዛል። ጠጋ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ የባሌ ኮት ወጣ። ከዚያ አንገቱ። አገጩ ሊወጣ ትንሽ ሲቀረው፣ ኳ! ኳ! ኳ!

ነቃሁ። በሬ ነው የሚንኳኳው። ብከፍት ካሜራ ያንጠለጠለ ጎረምሳ፣ ከኋላው ሙሽሮች።

“እንደምን አደሩ እማማ? ያቺን ጣራዋ የተገነጠለችውን ፉርጎ ልናነሳ ነበር። ያሰጡት ልብስ ካሜራ ውስጥ እየገባ አስቸገረን።”

ወጥቼ ልብሴን ከገመዱ ለቃቀምኩ። “ልጄ፣ እዚያ ፉርጎ ሥር ባሌ ሞቷል” አልኩት።

“ውይ! ታሪክ አለው ማለት ነዋ! ይበልጥ ያምራል።” ዓይኑን ካሜራው ላይ ደቀነ። “እማማ፣ እርስዎም ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን።”

ፈቀቅ አልኩ። ሙሽሪት ጎማውን ተደገፈች።

“አቦ አትነቃነቂ!” አላት።

ያንን ፎቶ አንድ ቀን የሆነ ሰው ሳሎን ውስጥ ታዩት ይሆናል። ውብ ነው፣ አልዋሽም። ያኔ ከጠርዙ ወዲህ እርጥብ ልብሷን ያቀፈች አሮጊት እንዳለች አስቡልኝ። ከጎማው ሥር ደግሞ ጫንያለው የሚባል ሰው እያዳመጠ ነበር። ፎቶ የለውምና እናንተ አስታውሱልኝ፤ አደራ።