የባለቤቴ ዐሥር ጣቶች

የሰው ልጅ ከአካሉ ሁሉ የሚንቀው የጣቱን ጫፍ ነው። ይቅርታ፤ «የሚንቀው» ከባድ ቃል ነው፣ «የሚረሳው» ብዬ ላርመው። ስለ ልቡ ይጨነቃል፤ ስለ ዐይኑ ሐኪም ያማክራል፤ ስለ ጉልበቱ ደግሞ፣ ዕድሜው እንደ እኔ ከሆነ፣ ላገኘው ሁሉ ያወራል። የጣቱን ጫፍ ግን እሾህ ካልወጋው ወይም ድስት ካላቃጠለው በቀር ማን ያስታውሰዋል? እኔ ራሴ መካነ ሰላም ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ በጣቶቼ ጫፍ ጠመኔ ይዤ ሳስተምር፣ ሰውን ባሕር የሚያሻግሩ ወይም ከደጅ የሚመልሱ ባለሥልጣኖች በእጄ ላይ እንዳሉ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ካናዳ የምትኖረው ልጃችን ሰብለ ማርገዟን የነገረችን ቀን ነው። የመጀመሪያዋ ነው። ባለቤቴ ወይዘሮ ይመኙሻል ስልኩን እንደ ዘጋች፣ «ልጄ ያለ እናት አራስ ቤት አትገባም» አለች። ባለቤቴ እንዲህ ባለ ድምፅ ስትናገር ይግባኝ የለውም። ማመልከቻው ገባ፤ የእኔም ስም አብሮ ገባ። አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ለአራስ ቤት ምን እንደሚጠቅም እስካሁን ያብራራልኝ የለም።

ጥቂት ቆይቶ አዲስ አበባ ሄደን አሻራ እንድንሰጥና ፎቶግራፍ እንድንነሣ ጥሪ መጣ። ሰብለ እንዳስረዳችን፣ አሻራችን በተሰጠው የጊዜ ገደብ ካልገባ ማመልከቻው ይዘጋል። እንደገና እንጀምር ብንል ደግሞ ልጁ አያቱን ሳይጠብቅ ይወለዳል። ልጆች በዚህ በኩል ቀጠሮ አያከብሩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ይኖርብኛል። «አሻራ» የሚባለው ነገር በእኛ በኩል እንደ ዋዛ አይወራም። ከወግዲ እስከ ከላላ ዐረብ አገር ልጁን ያልላከ ሰፈር የለም። «የለም» ማለቱ ድፍረት ነው፤ እኔ አላየሁም ማለት ይሻላል። ከተመለሱትም ብዙዎቹ በግዳጅ ሲሸኙ ጣታቸውን መሣሪያ ላይ አስነክተው የመጡ ናቸው። እዚያ አገር አሻራ ሰጥቶ የተባረረ ሰው፣ ስሙን ቢለውጥ፣ ፓስፖርቱን ቢለውጥ፣ መሣሪያው እያወቀ ይመልሰዋል። ስለዚህ መካነ ሰላም ላይ «እከሊት አሻራ ሰጠች» ከተባለ፣ ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። የጎረቤታችን ልጅ ዘምዘምም ከእነዚህ አንዷ ናት።

ዘምዘም የእኛን ጥሪ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያረቢ! እማማ፣ ገና ሳትሄዱ ምን አጠፋችሁ ብለው ነው አሻራ የሚሉት?» አለች። እኔም መምህር ነኝና አስቀምጬ አስተማርኳቸው፤ ያ የመባረር አሻራ ነው፣ ይህ የመግባት ነው፤ ያኛው በር ይዘጋል፣ ይኸኛው ይከፍታል። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። የቱን ያህል ዘመን ሳስተምር ኖሬ፣ ተማሪ «ገብቶኛል» ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ ምን ማለት እንደሆነ አለማወቄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ከሰዓት በኋላ ጓሮ እየተቀመጡ በሹክሹክታ ያወሩ ጀመር። አንድ ቀን ብቅ ብል፣ ይመኙሻል ተረከዟን የምትፈትግበትን ድንጋይ ይዛ የጣቶቿን ጫፍ ትፈትጋለች፤ ዘምዘም ሎሚ ትጨምቅላታለች። ምን እየሠራችሁ ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ባለቤቴ ቀና ሳትል፣ «የሰው አገር ሰው ፊት ሻካራ እጅ ልዘርጋ?» አለችኝ። እኔም በዚህ ዕድሜዋ ለእጇ ውበት መጨነቋ ልቤን ነካው። እንዲያውም ሎሚውን ከገበያ እየገዛሁ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

መንገዱ ክፍት ነው በተባለ ማግሥት ተሳፈርን። አዲስ አበባ ደርሰን፣ በቀጠሯችን ጠዋት አሻራ ከሚሰጥበት ቢሮ ገባን። ሰው ሁሉ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አቅፎ ተቀምጧል፤ የሚያወራ የለም፤ የሚያስል እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ተራችን ሲደርስ ይመኙሻል ቀድማ ቀረበች። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ወጣት ሠራተኛ ትሑት ናት፤ «እማዬ፣ አራቱን ጣቶች እዚህ ላይ» አለቻት። ባለቤቴ ጣቶቿን የጋለ ምጣድ እንደምትነካ ሰው አሳረፈች። ቀይ በራ። ልጅቷ መስታወቱን ወለወለችው፤ ቀይ። «ጫን ያድርጉት እማዬ።» አሁንም ቀይ። ግራ እጅ፣ ቀይ። አውራ ጣት፣ ቀይ። የእኔ ልብ ከመብራቱ ጋር ይመታ ጀመር፤ ላርመው፣ መብራቱ እንኳ ረጋ ያለ ነበር።

ልጅቷ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየች። «ሥራ፣ የቤት እመቤት ይላል። አይዞዎት፣ የቤት እመቤቶች ጣት ብዙ ጊዜ ያስቸግረናል። ዕቃው፣ ሳሙናው፣ በረኪናው ይበላዋል» አለች። ይመኙሻል ይህን ስትሰማ ነፍስ ዘራች። «እውነትሽን ነው ልጄ! ከተዳርኩ ጀምሮ ሲበላኝ ነው የኖረው» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ወረፋ የያዘው ሁሉ አብሯት ወደ እኔ ዞረ። እንደዚያ ቀን በብዙ ዐይን ተፈርዶብኝ አያውቅም።

ልጅቷ አለቃዋን ልታማክር ገባች። እስክትወጣ ድረስ ባለቤቴ እጆቿን በነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ወለሉን ታያለች፤ እኔ የሰብለን የወር ብዛት በልቤ እደምራለሁ። ልጅቷ ወጥታ፣ ሌላ ቀጠሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደተሰጠን፣ ከገደቡ በፊት ያለው ቀጠሮም እሱ ብቻ እንደሆነ ነገረችን። የእኔም ያኔ አብሮ ይወሰዳል ተባለ። «እስከዚያ እጃቸው ሥራ አይንካ፤ ያኔም ካላነበበ ግን ከእኛ አቅም በላይ ነው» አለች።

ከቢሮው ወጥተን አጥሩ ሥር እንደ ቆምን ይመኙሻል፣ «አንተ አትቆጣኝ» አለች። ከዚያ ሁሉንም አወጣችው። ድንጋዩም ሎሚውም ለውበት አልነበረም፤ መሣሪያው ለይቶ እንዳያውቃት የጣቷን መስመር ማጥፋቷ ነበር። «አሻራ የሰጠ ሰው ሁለተኛ አይገባም። አሁንስ እሺ ገባሁ፤ ሰብለ ሁለተኛውን ስትወልድስ? በሩ ተዘግቶብኝ በስልክ ላርሳት ነው?» አለችኝ። መቆጣት ነበረብኝ። ነገር ግን ገና ላልተፀነሰ ልጅ በር ክፍት ለማቆየት የራሷን ቆዳ የፈተገችን ሴት ምን ብሎ መቆጣት ይቻላል? ደግሞስ ሎሚውን የገዛው ማነው?

መካነ ሰላም ስንመለስ ዘምዘም እያለቀሰች መጣች። «ወላሂ ጋሼ፣ ለክፋት አልነበረም፤ እኔ የደረሰብኝ እንዳይደርስባቸው ብዬ ነው» አለች። ከዚያ በየጠዋቱ ቅቤ እያመጣች የባለቤቴን ጣቶች ታለሰልስ ገባች። ይመኙሻል በረንዳ ላይ እጆቿን ዘርግታ ተቀመጠች፤ የቤቱ ሥራ በሙሉ በእኔ ላይ ወደቀ። «ወደቀ» ስል እንደ ተጎዳ ሰው እንዳይመስልብኝ፤ ተረከብኩት ማለቴ ነው። ሽንኩርት ላጥሁ፣ ድስት ፋቅሁ፣ አንሶላ በበረኪና ዘፈዘፍሁ። በአጥሩ በኩል የሚያልፉ የቀድሞ ተማሪዎቼ «በርቱ ጋሼ!» ይሉኛል። ባለቤቴ ከተቀመጠችበት፣ «ድስቱ ከሥሩ አልተፋቀም፤ የተማሪ ሥራ ቢሆን ኖሮ ይህን ታርም ነበር» ትላለች። ዘምዘም፣ «ጋሼ፣ በረኪናውን በባዶ እጅዎ አይንኩት፤ ጓንት ላምጣልዎ» ብትለኝ፣ ያን ሁሉ ዘመን ጠመኔ ያልበገረው እጅ በረኪና ምን ያደርገዋል ብዬ በኩራት መለስኩላት።

ጠዋት ጠዋት መነጽሬን አድርጌ የይመኙሻልን ጣቶች እንደ ፈተና ወረቀት እመረምራለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም፤ እንደ ብርጭቆ ልሙጥ ነው። በዚህ መሐል ሰብለ ደውላ፣ ሐኪሙ ልጁ ከቀኑ ሳይቀድም አይቀርም ብሏል አለችን። ያን ዕለት ባለቤቴ እህል አልቀመሰችም። በሁለተኛው ሳምንት ግን ስስ መስመሮች፣ እንደ ጤፍ ቡቃያ፣ ከቆዳዋ ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር።

በቀጠሮው ቀን ያቺው ልጅ ናት ያገኘችን። ይመኙሻል ቀኝ እጇን አኖረች። አረንጓዴ! ግራዋን፣ አረንጓዴ። አውራ ጣቶቿን፣ አረንጓዴ። እልልታዋ ከአፏ ሊወጣ ሲል በነጠላዋ አፈነችው። ልጅቷም ደስ ብሏት፣ አሻራውን ዛሬውኑ እንደምትልከው ነገረቻት። ሰብለ እናቷን አገኘች ማለት ነው።

ቀጥሎ እኔ፣ አለኝ በምለው የመምህርነት ግርማ ሁሉ ተቀምጬ፣ አራት ጣቶቼን አሳረፍሁ። ቀይ። መስታወቱ ተወለወለ፤ ቀይ። ግራው፣ ቀይ። ልጅቷ እጄን ገልብጣ አየችው፤ ነጭ ሆኗል፣ ተልጧል፣ ተሰነጣጥቋል። አለቃዋን ጠይቃ ተመለሰችና፣ «የእማዬ ይሄዳል፣ የእርስዎ ግን ይቀራል» አለችኝ። ከዚያ ብዕሯን አንሥታ፣ «ያላነበበበትን ምክንያት መጻፍ ስላለብኝ ነው አባቴ፤ ሥራዎ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጡረታ የወጣ መምህር ልል አፌን ስከፍት፣ ባለቤቴ ቀደመችኝ።

«የቤት እመቤት» አለቻት።

የማርመው ነገር አጣሁ።