ለጥንቃቄ ሲባል የተተከለ ድንኳን

የሰው መሞት የሚታወቀው ሰውየው ከሞተ በኋላ ብቻ የነበረበት የጨለማ ዘመን በሰፈራችን በይፋ ያከተመው ባለፈው ዓመት ነው፤ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለው የወረዳችን አዳራሽ፣ ክቡራን እንግዶች በተገኙበት። ኬክ ተቆረጠ። ሪባን ተቆረጠ። መብራትም ተቆርጦ ስለነበር የምረቃው ንግግር በጄኔሬተር ታጅቦ ቀረበ። ከንግግሩ ይልቅ ጄኔሬተሩን ነበር በደንብ የሰማነው፤ ቢሆንም መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ለሥልጣኔ ያለኝ ፍቅር በሰፈሩ የታወቀ ነው።

የተመረቀው «አለሁልዎ» የሚባል የስልክ መተግበሪያ ነው። የሠራው አንድ ትልቅ ኩባንያ ሲሆን ወረዳው ደግሞ ባለቤቱ፣ ወይም አጋሩ፣ ወይም ደንበኛው ነው፤ የትኛው እንደሆነ እስካሁን ያጣራ የለም። በቀበሌ ቤት የሚኖር አዛውንት ሁሉ ስልኩ ላይ እንዲጭነው ተደረገ። መተግበሪያው ሰውየው ምን ያህል እንደተራመደ፣ ማን እንደደወለለት፣ ሌሊት እንዴት እንዳሳለ እያየና እየሰማ ይመዘግባል፤ ከዚያ አስልቶ፣ ሊሞት የተቃረበውን አስቀድሞ ያሳውቃል። እንዲህ ያለው ሰው በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «ተሰናባች ነዋሪ» ይባላል። ዕድሩ ድንኳን ያዘጋጃል፣ ወረዳው ቤቱን ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይመድባል፣ ሁሉም ነገር ያለ ግርግር ያልቃል። ትንሽ የሚዘገየው ሟቹ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያስረዱን የወረዳው የዲጂታል ሽግግር ኃላፊ አቶ ሲሞን ናቸው። ጥያቄ ካለ ሲሉ እትዬ ሀኒፋ እጃቸውን አወጡ። እትዬ ሀኒፋ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው፤ ዝም ማለት አልፈጠረባቸውም።

«ይሄ ነገር የሰማውን ለማን ነው የሚያወራው?»

«መረጃዎ በከፍተኛ ምስጢር ይያዛል እናቴ። ለሚመለከተው አካል ብቻ ነው የሚሰጠው።»

«የሚመለከተው ማነው?»

«ኩባንያው፣ ወረዳው፣ ክፍለ ከተማው፣ ዕድሩ፣ እንዲሁም አጋር ድርጅቶች።»

«እኔንስ?»

«እርስዎን እንኳ አይመለከትዎትም።»

መተግበሪያው የዜጎችን ነፃ ፈቃድ እጅግ ያከብራል። ስንከፍተው ሁለት ምርጫ አቀረበልን፤ አንደኛው «እስማማለሁ»፣ ሁለተኛው «በኋላ እስማማለሁ» ይላል። እኔ የመጀመሪያውን ነካሁ። እትዬ ሀኒፋ በእልህ ሁለተኛውን ነኩና በኋላ ተስማሙ።

የመጀመሪያው ተሰናባች ጋሽ መድኃኔ ሆኑ። ጋሽ መድኃኔ ዕድሜ ልካቸውን ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያጫውቱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ወንደላጤ ናቸው። በዚህ ዓለም ያላቸው ያቺ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ብቻ ናት። ፀጉራቸው የሸበተው እሷ ውስጥ ነው፤ ከሷ ቢወጡ መግቢያ የላቸውም። ወራሽ ስለሌላቸው ደግሞ እሳቸው ካለፉ ቤቷ ወደ ወረዳው ትመለሳለች።

ጥፋታቸው አንድ ነው፤ ስልክ ማለት የቤት ዕቃ ይመስላቸዋል። «ድሮ ስልክ ከጠረጴዛ ተነስቶ ሻይ ቤት ይሄድ ነበር እንዴ?» ይላሉ። ስለዚህ ሞባይላቸውን ቻርጀር ላይ ሰክተው፣ ዳንቴል አልብሰው፣ ቡፌው ላይ ያስቀምጡታል። እሳቸው በማለዳ ጊዮርጊስን ተሳልመው፣ ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ዞረው፣ ማኪያቷቸውን ባንኮኒ ተደግፈው ጠጥተው፣ ያገኙትን ሁሉ ተረበው ይመለሳሉ። ሲስተሙ የሚያየው ግን ከዳንቴል ሥር የተጋደመ፣ የማይራመድና የማይናገር ሰው ነው። ሳምንት ሳይሞላ መልእክት መጣላቸው።

«ክቡር ደንበኛችን፣ ተሰናባች ነዋሪ ሆነው ስለተመዘገቡ እናመሰግናለን።»

ወዲያው ደግሞ ከአጋር ድርጅት ሌላ መጣ፤ ሬሳ ሳጥን ሻጭ ነው። «ቁመትዎን ይላኩልን። ቀድመው ለሚያዙ ቅናሽ አለን።»

ጋሽ መድኃኔ ይህን ሁሉ አላነበቡም፤ ስልኩ ቡፌው ላይ፣ እሳቸው ፒያሳ ናቸዋ! ሲመለሱ የዕድራችን ዳኛ አቶ ኑሪ በራቸው ላይ ድንኳን ሲያስተክሉ ደረሱ።

«ውይ ኑሪ! ማን ሞተ?»

አቶ ኑሪ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ለባለቤቱ መርዶ መንገር ከበዳቸው። «ኧረ ለጥንቃቄ ነው ጋሼ። እንዲያው እርስዎ ቢመርጡ ብዬ ነው፤ መግቢያው በመንገዱ በኩል ይሁን በግቢው?»

«እኔ ነኝ እንዴ የሞትኩት?»

«ገና ነዎት። ግን ስልኬ ላይ መጥቷል።»

በወዲያ በኩል አንዲት ሴትዮ ሜትር ዘርግታ የቤቱን መስኮት ትለካለች። ወረዳው ቤቷን የመደበላት ናት። «ይቅርታ አባቴ፣ መጋረጃዬ ይበቃ እንደሆን ልይ ብዬ ነው» አለች። «እርስዎ ግን እንዳይቸኩሉ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ።» ሰው እንዲህ ትሁት ሲሆን ደስ ይላል።

ጋሽ መድኃኔ ግን ያን ቀን ተረባቸው ጠፋ። በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ግድግዳውን ዝም ብለው ሲዳስሱ አየኋቸው። መሞትን አይደለም የፈሩት፤ በቁም ሜዳ ላይ መውደቅን ነው። ለሥልጣኔ ያለኝ ፍቅር እንዳለ ሆኖ፣ አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ወረዳ አብሬያቸው ሄድኩ። አቶ ሲሞን ከሚሽከረከረው ወንበራቸው ሳይነሱ ተቀበሉን።

«ልጄ፣ ይኸው ቆሜ እያናገርኩህ ነው» አሉ ጋሽ መድኃኔ።

አቶ ሲሞን ኮምፒውተሩን አዩ። «እዚህ ላይ ተኝተዋል።»

«እሱን ተወውና እኔን እየኝ!»

«አባቴ፣ እርስዎን ማየት የእኔ ሥልጣን አይደለም። ቅሬታ ካለዎት መብትዎ የተጠበቀ ነው፤ በአለሁልዎ በኩል ያስገቡ።»

«እሺ፣ በየት በኩል ነው?»

«ለተሰናባች ነዋሪ ተዘግቷል።»

ጋሽ መድኃኔ አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ እትዬ ሀኒፋ ከሱቃቸው ጠሯቸውና ነገሩን አስተረኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ሳቁ።

«አንተ ደግሞ! አንተን ማን አየህ? የሚያዩት ስልክህን ነው። እሱን አሯሩጠው!»

አትክልት ተራ ሽንኩርትና ድንች የሚሸከም አቡበከር የሚባል የእህት ልጅ አላቸው፤ በሬ የሚያክል የልጆች አባት። እትዬ ሀኒፋ ምሳውን ሊችሉት፣ እሱ ደግሞ ስልኩን ወገቡ ላይ አስሮ ሊውል ተስማሙ። ከንጋት ጀምሮ ኩንታል ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ ሲወርድ ይውልና ማታ ይመልሳል። ሦስተኛው ቀን ላይ የምሥራች መጣ።

«እንኳን ደስ አለዎት! ከወረዳው አዛውንት ሁሉ ብርቱው እርስዎ ነዎት።»

ድንኳኑ ፈረሰ። የቤቱ ምደባ ተሰረዘ። ሳጥን ሻጩ ጠፋና በምትኩ ጂም ቤት ጻፈላቸው፤ ቀጥሎ ደግሞ ላጤዎችን የሚያገናኝ ድርጅት። ጋሽ መድኃኔ የሁለተኛውን መልእክት ቶሎ አላጠፉትም።

ይህ ወሬ ተደብቆ ሊቀር ነው? አርፎ መቀመጥ የሚወድ የሰፈሩ ሽማግሌና አሮጊት ሁሉ ስልኩን ይዞ እትዬ ሀኒፋ ሱቅ ተሰለፈ። አቡበከር ከረጢት አሰፋ። እኔም የኔን ሰጠሁ፤ ሥልጣኔ ወደ ኋላ እንዳይቀር ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ በወረዳው ካርታ ላይ የሰፈራችን አዛውንት በሙሉ ጎህ ሲቀድ ተነስተው፣ ተጠጋግተው፣ አትክልት ተራ ዳገት ላይ ሲሮጡ ይውላሉ። አቶ ሲሞን «ሕዝባዊ የአዛውንት የስፖርት ንቅናቄ» የሚል ሪፖርት ጽፈው የምስጋና ወረቀት ተሸለሙ። ከሌላ ወረዳ ለልምድ ልውውጥ የመጡ እንግዶች ሊጎበኙን ሲደርሱ ግን ጥላ ሥር ዳማ ስንጫወት አገኙን።

«አሁን እረፍት ላይ ናቸው» አሉ አቶ ሲሞን። እንግዶቹ ይህንንም ጻፉት።

ደስታ ግን አይበረክትም። ስኬቱን ያየው የበላይ አካል መተግበሪያው ለወረዳው ሠራተኛም ግዴታ ይሁን አለ። ሠራተኛው ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ወንበር ላይ ነው የሚውለው። አንድ ቀን ከሥራ መውጫ ላይ አቶ ሲሞን ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ጋሽ መድኃኔ ቤት ከች አሉ።

«ጋሼ... ተሰናባች ሠራተኛ ነህ አለኝ። ወንበሬን ለሌላ ሊሰጡብኝ ነው። ያ ሰውዬ አንድ ስልክ ይጨምራል?»

እኔ ብሆን ስንት ነገር በተናገርኩ! ጋሽ መድኃኔ ግን ክፉ አልተናገሩም። ስልኩን ተቀብለው ከኛው ጋር ከረጢቱ ውስጥ ጨመሩት። አቶ ሲሞን ለቢሮ ሌላ ስልክ ስላላቸው አልተቸገሩም።

ከወር በኋላ አቡበከርን ጉንፋን ጣለው። ሰው ነው፣ ይታመማል። ያን ማታ ስልኮቹን ሳይመልስ፣ ከረጢቱን ራስጌው አድርጎ፣ ተከናንቦ ሲያስል አድሮ ጠዋትም መነሳት አቃተው። አለሁልዎ ያየውንና የሰማውን ይዞ አሰላ፤ ሕዝቡ በሙሉ አንድ ቦታ ወድቋል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሳል አስሏል፣ ማንም አልተነሳም። ወዲያው ለሚመለከታቸው ሁሉ መልእክት ደረሰ፤ የሰፈሩ አዛውንት በጅምላ አርፈዋል።

አቶ ኑሪ ያላቸውን ድንኳን ሁሉ ገጣጥመው ሜዳው ላይ አንድ ሰፊ ድንኳን ተከሉ። ንፍሮው ተቀቀለ። አቶ ሲሞን የሁላችንንም ቤት በአንድ ደብዳቤ ለተራ ጠባቂዎች አስተላልፈው ፈርመው፣ ጥቁር ከረቫት አስረው መጡ። ሲገቡ ሰላም አሉን፣ የጋሽ መድኃኔንም እጅ ጨበጡ። በሕይወት መኖራችንን አሳምረው ያውቃሉ። ማወቅ ግን በሥራ መደባቸው ውስጥ የለም።

እኛ ሟቾቹ በክብር ከፊት ተቀመጥን። ከኋላችን አዲሶቹ ተከራዮች ሜትራቸውን በኪሳቸው ይዘው፣ ጥቁር ለብሰው አዘኑልን። ከኩባንያው ዘንድ የተላከ ሰውዬም ጥቁር መነጽር አድርጎ ተገኝቷል። እውነት ለመናገር፣ ያን ጊዜ ፈራሁ። ጋሽ መድኃኔ አጠገቤ ሆነው የቤታቸውን ቁልፍ እፍን አድርገው ይዘዋል። ከድንኳኑ ስንወጣ የምንገባበት ቤት አልነበረንም።

አቶ ሲሞን የወረዳውን ጥልቅ ሐዘን ገለጹ። ያለፉት አዛውንት እስከ መጨረሻዋ ዕለት ድረስ ሲሮጡ የነበሩ ጀግኖች እንደሆኑ መሰከሩ። ከዚያ ስማችንን ከታብሌቱ ላይ ማንበብ ጀመሩ።

«...አቶ መድኃኔ። ወይዘሮ ሀኒፋ። አቶ ሲሞን...»

ድምፃቸው ቀጥ አለ። ታብሌቱን አራቁት፣ አቀረቡት፣ በከረቫታቸው ወለወሉት። ምክትላቸው ወይዘሮ ሶፊያ ቀስ ብለው መጡና ማይኩን ከእጃቸው ወሰዱ።

«ነፍስ ይማር» አሉ። «ታላቅ መሪ ነበሩ።»

«ኧረ ሶፊያ! ስልኬ እኮ ነው፤ ስልኬ ያለው...» ብለው ጀመሩ አቶ ሲሞን። የት እንዳለ ሊናገሩ ሲሉ ባለ መነጽሩን አዩና ዋጡት።

ይሄኔ ጋሽ መድኃኔ ከፊት ወንበር ተነሱ። «አንድ ጥያቄ አለችኝ። አቶ ሲሞን ያረፉት ስንት ሰዓት ነው ይላል?»

ወይዘሮ ሶፊያ አዩ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት።»

«ቤታችንን የሰጡበትን ደብዳቤስ መቼ ፈረሙት?»

«አራት ሰዓት።»

«የሞተ ሰው ፊርማ ይሠራል?»

«መመሪያው ፈጽሞ አይፈቅድም» አሉ ወይዘሮ ሶፊያ፣ ፊታቸው እየበራ። «አዲስ ኃላፊ እስኪሾም ድረስም ማንም መፈረም አይችልም።» ሹመት በወረዳችን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚያውቁት ተከራዮች ከኋላ አጉረመረሙ።

ጋሽ መድኃኔ ወደ አቶ ሲሞን ዞሩ። «እንግዲህ ልጄ፣ በሕይወት ካለህ ሲስተሙ ተሳስቷል ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ እኛም አልሞትንም፣ ቤታችንም የኛው ነው። ሲስተሙ ካልተሳሳተ ደግሞ ሞተሃል፤ ፊርማህ አይሠራም፣ ቤታችንም የኛው ነው። እኛ በሁለቱም ደስተኞች ነን። አንተ ግን ምረጥ።»

ሁለት ቃል ብቻ እኮ ነው! እትዬ ሀኒፋ ሳይቀሩ አዘኑላቸውና «በለው እንጂ፣ በለውና ኑር!» አሏቸው።

አቶ ሲሞን አፋቸውን ከፈቱ። «ሲስተሙ...» አሉ። ከረቫታቸውን ላላ አደረጉ። «ሲስተሙ ተ... ተ...» ባለ መነጽሩን አዩት። ታብሌቱን አዩት። ከዚያ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

«ሲስተሙ አይሳሳትም» አሉና ከመድረኩ ወርደው ከሟቾቹ መካከል ተቀመጡ።

እትዬ ሀኒፋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው፣ ንፍሮም ዘገኑላቸው። ወይዘሮ ሶፊያ ለአዲሱ ሟች የሕሊና ጸሎት እንድናደርስ ሲጠይቁ ሁላችንም ተነሳን፤ ከሁላችንም ይበልጥ ቀጥ ብለው የቆሙት አቶ ሲሞን ነበሩ።