ከደሴት ወደ ደሴት የሚያሳልፍ ወረቀት

ከአንዱ ደሴት አየር ማረፊያ የተነሣ አውሮፕላን ሌላው ደሴት ላይ ለማረፍ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ያን ጊዜ ይህን መመለስ አልቻልሁም። አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ሳላውቅ ልጅ መውለዴና ቤት ማቅናቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

እግዜር ይስጠው፣ ጣሊያን ጎንደር ገብቶ ድንቁርናዬን ገለጠልኝ። ልጄ አመለወርቅ አይከል ከተማ ተድራ የመጀመሪያዋን አርግዛ፣ ወሯ ገብቶ ነበር። ሄጄ ላዋልዳት የይለፍ ወረቀት ለመንሁ። አራዳ ያለው መሥሪያ ቤት ግን ጠቢብ ነው፤ መንገደኛ ሁሉ በድንቁርና እንዳይጠፋ ብሎ፣ ወረቀት ፈላጊ ፊደልና መልክዓ ምድር ተምሮ እንዲፈተን ደንግጓል። አስተማሪያችን አስተርጓሚው አያ ፋንታሁን ነበሩ።

«ደሴት ማለት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ መሬት ነው» አሉን።

በፈተናው ቀን ያ የአውሮፕላኑ ጥያቄ ሲመጣብኝ፣ «የጣናውን ደሴት አውቃለሁ» አልሁ። «ገዳም ነው፤ ሴት አይገባበትም። ለመሆኑ አውሮፕላኑ ወንድ ነው?»

ጣሊያኑ ሹም ሲተረጎምለት ጠረጴዛውን መታ። ፈተናውን ወደቅሁ።

«ምነው አያ ፋንታሁን? አይከል በእግር ሁለት ቀን ነው። እሱን ይጠይቁኝ እንጂ!»

«እሱን ሹሙም አያውቀው፤ በምን ያርመዋል?»

ልጄ ቀኗን፣ እኔ ኪሎ ሜትር ስንቆጥር ሰነበትን። በሦስተኛው ፈተና «ሰዓት ተኩል፣ ነፋሱ ከረዳ» ብዬ በቃሌ ተወጣሁት። ሹሙ አጨበጨበ፤ ማኅተሙንም መታ። ደጅ ወጥቼ በአዲሱ ዕውቀቴ ወረቀቱን ፊደል በፊደል አነበብሁት፦ «ተፈታኟ በተፈተነችበት መንገድ፣ ከደሴት ወደ ደሴት እንድታልፍ ተፈቅዷል።»

ለማስለወጥ ሌላ ፈተና አለ ተባልሁ። ስንቄን ይዤ ተነሣሁ።

አዘዞ ኬላ ላይ ለጣሊያን ያደረ ሐበሻ ወታደር፣ አስካሪው፣ ወረቀቱን አገላበጠ።

«እናቴ፣ ወዴት ነሽ?»

«አይከል።»

«አይከል ደሴት ነው እንዴ?»

«ምነው ልጄ፣ ደሴት ማለት ዙሪያውን የተከበበ ነው ተብዬ ተምሬያለሁ። አይከልን በየት በኩል ነው ያልከበባችሁት?»

ማኅተሙን አየ፤ ሳቁን ዋጠ። «አውሮፕላኑስ?»

«ነፋሱ አልረዳውም።»

አሳለፈኝ። በሁለተኛው ቀን የልጄን ምጥ ከአጥሩ ማዶ እየሰማሁ ደረስሁ፤ ሸጋ ሴት ልጅም በእጄ ተቀበልሁ።

ኋላ ጣሊያን ሲሸነፍ፣ የመጨረሻው አውሮፕላን ሹሙን ጥሎት ከአዘዞ ተነሣ። ሹሙም ከምርኮኞች ጋር በእግሩ ሲነዳ በደጃችን አለፈ። እኔም የልጅ ልጄን ለማየት ናፍቄ፣ አዲሱ መንግሥት ወረቀት ይሰጣል ሲባል ወደ አራዳ ወረድሁ። ያው ክፍል ነው፤ ያው ጠረጴዛ። ከጠረጴዛው ኋላ አያ ፋንታሁን ብድግ ብለው ተቀበሉኝ።

«እትዬ አዝመራ፣ እንኳን ለነፃነት አበቃዎ! ወረቀቱ አሁኑኑ ይሰጥዎታል። በቅድሚያ ግን፣ ከአንዱ ደሴት የተነሣ አውሮፕላን…»

ሹሙ ሄደ። አያ ፋንታሁን ቀሩ።