አባት ብቻ ያሳደገው ሳይንስ

ልብ ብላችሁ ከሆነ ትምህርት ሁሉ አባት አለው። የፊዚክስ አባት፣ የኬሚስትሪ አባት፣ የሕክምና አባት እያልን ሸምድደን አልፈናል። እናቱስ? የጠየቀ የለም። ኋላ ሳነብ ነው፣ አንዲት የፈረንጅ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ኮከብ ስትቆጥር ኖራ (የጥንቆላውን አይደለም የምለው) አለቃዋ ስለፈረመበት ግኝቷ ያወቅሁት። የፈረንጅ ግፍ ነው ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩ። ከንፈሬ ሳይደርቅ ግን ሱሉልታ ላይ ያንኑ ግፍ እኔው ሠራሁት።

የቤት ኪራይ ከአዲስ አበባ ገፍቶ ሱሉልታ ካደረሰኝ በኋላ ለአንድ የከብት መኖ ጥናት መጠይቅ እሞላ ነበር። ክረምት ሲወጣ ሜዳው ላይ ማገጥ የሚሉት ለምለም ሣር ይበቅላል፤ እርጥቡን የጋጠች ላም ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ትሞታለች። ያን ዓመት የመንደሩ ላሞች ሲወድቁ የኦቦ ቶሎሳ አራት ላሞች ግን ደህና ነበሩ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው ዋቃ ጠብቆን ነው አሉኝ።

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ግን ወደ በረቱ ወሰዱኝ። ግድግዳው በከሰል ጭረት ተሞልቷል። እንደነገሩኝ፣ አምና አንዲት ላም ከሞተችባቸው በኋላ ሁለቱን ላሞች ድርቆሽ እያስቀደሙ፣ ሁለቱን በባዶ ሆዳቸው እየለቀቁ፣ በሳምንቱም ተራቸውን እያቀያየሩ የማን ሆድ እንደተነፋ ምልክት ሲያደርጉ ከርመዋል። ድርቆሽ የቀደመላቸው አልተነፉም። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬ ያልገባኝ ነገር በረት ውስጥ ገባኝ።

«የተነፉት ቢሞቱ ኖሮስ?» አልኳቸው።

«የሚያስተነፍሳቸውን ዘይት ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነዋ የዋልኩት።»

መጠይቁ «የአባወራ ስም» ይላል። ቶሎሳ ብዬ ጻፍኩ። ኅዳጉ ባዶ ነበር፤ የአዴ ጫልቱን ስም እዚያ መጨመር እችል ነበር። አልጨመርኩም።

ከወራት በኋላ ኦቦ ቶሎሳ «ተመራማሪ አርሶ አደር» ተብለው በዚያው ጥናት ሰበብ አንድ አዳራሽ ተጠሩ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ነጭ ጋቢ ለብሰው መድረክ ላይ ወጡ። አንድ ምሁር ድርቆሹ ከግጦሹ ምን ያህል ቀድሞ እንደሚሰጥ ጠየቃቸው። ኦቦ ቶሎሳ ጣራውን አዩ። እኔን አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉና ድምፁን ከፍ አድርገው ማይክሮፎኑ ላይ ደገኑት።

«ጫልቱ፣ ያ የላሞቹ ነገር እንዴት ነው የምታደርጊው?»

«ዛሬ ገና ጠየቅከኝ?» አለ አዳራሹን የሞላው ድምፅ።

ሳቁ ሲበርድ አዴ ጫልቱ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ እያሉ ሁሉንም አስረዱ፤ ምሁራኑ ጻፉ። እኔም አፍሬ ወደ አዘጋጁ ሄድኩና ጥፋቱ የኔ መሆኑን ተናዘዝኩ። ሰውዬው ደግ ነው፤ ምሳ ሳይበላ ምስክር ወረቀቱን አሳርሞ አሳተመው። «ለኦቦ ቶሎሳ እና ለባለቤታቸው» ይላል።

ወረቀቱን ለአዴ ጫልቱ ራሴ አደረስኩ። ቀስ ብለው አነበቡት።

«ይቺ ‹ባለቤታቸው› ማን ናት?»

«አንቱ ነዎት እንጂ።»

«እኔማ ጫልቱ ነኝ» አሉና ወረቀቱን መልሰውልኝ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ሰዋስው ስንማር፣ ባለቤት ማለት ድርጊቱን የፈጸመው ነው ተብለን ነበር። በዚህ ሒሳብ ምስክር ወረቀቱ ቃል በቃል እውነት ነው። ይህን ማብራሪያ ለአዴ ጫልቱ ለማቅረብ ግን እስካሁን አልደፈርኩም።