ጨው የበዛባት ዓመት

የሰውን ሞትና ልደት በሚዛን የሚለካ ሰው የሌለበት አገር የለም። በሻነን ወንዝ ዳር ለምንኖር መነኮሳት ይህ ክቡር መዛኝ አባ ክሮናን ናቸው።

የፋሲካን ቀን በምናሰላበት ብራና ላይ፣ ከየዓመቱ ጎን አንዲት መስመር የምትሆን ባዶ ቦታ አለች። የዓመቱ ወሬ እዚያች ላይ ይጻፋል። በረኛዋ አባ ክሮናን ናቸው።

«ዓመት አንድ መስመር ናት፤ አዳራሽ አይደለችም!» ይላሉ።

የወንዝ ማዶው ባላባት ወንድ ልጅ ቢወለድለት ቅቤ አሸክሞ መጣ።

«አፈር ስሆን አባቴ፣ ልጄን ይጻፉልኝ።»

«ምን ሠራ?»

«ትናንት እኮ ነው የተወለደው!»

«በል አሳድገው። ሲሞት እናየዋለን።»

ቅቤውን ግን አልመለሱም። ጅራታም ኮከብ አይቼ እየሮጥኩ ብነግራቸውም፣ «ጅራቱ ስንት ክንድ ነው?» ብለው አፋጠጡኝ።

ከወጥ ቤታችን ከአባ ፊያክና ጋር ደግሞ ጢማቸው ሳይሸብት ጀምሮ ጠበኞች ነበሩ። ጠባቸው የሾርባው ጨው ነው።

«ስሞት ትጽፈኛለህ? ከጅራታም ኮከብ አንሼ ነው?» አሉ አንድ ቀን አባ ፊያክና።

«ሾርባህን ልጻፍ እንጂ! ስንቱን የፈጀ!»

አባ ፊያክና ከት ብለው ሳቁ። ኋላ ሽንኩርት እየላጡ ግን፣ «ዘመድ የለኝም። ስሜን የምታነሳልኝ ያቺ መስመር ብቻ ነበረች» አሉኝ። አሳዘኑኝ።

በዐቢይ ጾም አባ ፊያክና ሞቱ። በዚያው ሳምንት ንጉሡም ሞቱ። ለገዳሙ ላም የሰጡ ንጉሥ ናቸውና አበምኔቱ መስመሯ የማን እንደሆነች መጠየቅም አላስፈለጋቸውም። የንጉሡ ልጅ የአባቱን ስም ሊያይ ሲመጣ አበምኔቱ ብራናውን በኩራት ዘረጉለት። ከዳር እስከ ዳር በጉልህ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ወጥ ቤቱ ፊያክና ዐረፈ። ጨው ያበዛ ነበር።»

«ንጉሡስ?» ብለው ጮኹ አበምኔቱ።

«ንጉሡን የአገሩ ገዳም ሁሉ ይጽፋቸዋል። ይህን ማን ይጽፈዋል?» አሉ አባ ክሮናን።

ልጁ ላሞቹን ነድቶ ሄደ። አበምኔቱም አባ ክሮናንን ለቅጣት ወጥ ቤት አስገቧቸው።

ዛሬ የመጀመሪያ ሾርባቸውን ቀመስኩ።

«ጨው በዛ እኮ አባቴ።»

«ዝም ብለህ ጠጣ! የዚህ ቤት ሾርባ እንዲህ ነው።»

ጠጣሁና ድገሙኝ አልኳቸው።