የጋሽ ይመር ድንጋይና የእትዬ ዘሀራ ቬንቲላተር

እንደኔ እንደኔ አንድ ትንሽ እብደት የሌለበት ሰው አይታመንም። አንዱ እርግብ ያረባል፣ አንዱ ደህናውን ራዲዮ ሲፈታ ሲገጥም ይውላል፣ ሌላው ደግሞ የሰው ትዳር ካላስታረቀ እንቅልፍ አይወስደውም። (የዚህን የመጨረሻውን ሰውዬ ጉድ በኋላ ታዩታላችሁ።) ችግር የሚመጣው እብደቴን እንጀራ ላድርጋት ያሉ ዕለት ነው። የወደዱትን የሚሸጥ አንጀት ለሁሉ አልተሰጠማ።

በደርግ ጊዜ አሰብ ስኖር ጎረቤቴ የነበረው ጋሽ ይመር እብደቱ ድንጋይ ነበር። ከወሎ መጥቶ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ፓምፕ ላይ ይሠራል። በዕረፍት ቀን እኛ ወደ ባሕሩ ስንሮጥ፣ እሱ ወደዚያ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ሜዳ ሄዶ አጎንብሶ ይውላል። ለቀለበት የሚሆን ቀይ አቂቅ ይለቅማል። ከሁሉም የሚሳሳላት ግን አንዲት አረንጓዴ ነበረች፤ የዐረብ ነጋዴዎቹ ዘበርጀድ የሚሏት ዓይነት። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሲሄድ የአውሮፕላን ማረፊያው ፈታሽ ሻንጣውን ከፍቶ፣ «አባቴ፣ ደጋ ድንጋይ ጠፋ እንዴ?» ብሎታል።

አንድ ቀን ታዲያ በቤቱ በር ሱቅ ቢጤ ልክፈት ብሎ ቀበሌ ሄደ። ሊቀመንበሩ ግራ ገባውና፣ ድንጋይ የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው፣ እንዴት ይሸጣል? አለው። ጋሽ ይመርም የምሸጠው ላቤን ነው ብሎ መለሰ። በዚያ ዘመን ላብ ከተነሳ ማን ይከራከራል? «የእጅ ጥበብ» ተብሎ ተፈቀደለት።

ድንጋይ እንዲያበራ ከአሸዋና ከውሃ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት መሽከርከር አለበት። ማሽከርከሪያው ደግሞ ሞተር ይፈልጋል። አሰብን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ በሐምሌ እዚያ ቬንቲላተር ከቤተሰብ ይቆጠራል፣ ባልና ሚስት ተኳርፈው እንኳ ከሥሩ አይነሱም። ጋሽ ይመር ሚስቱ ገበያ በሄደችበት፣ በሐምሌ፣ የቤቱን ቬንቲላተር ፈታና ሞተሩን በቺንጋ፣ በዚያ በጎማ ቀበቶ፣ ከቆርቆሮው ጋር አገናኘው።

ሚስቱ እትዬ ዘሀራ ከገበያ ተመልሳ ስታየው አልጮኸችም። ፍራሿን ጠቅልላ እኛ ቤት ገባች።

እኔ ሽማግሌ ሆንኩ። (አዎ፣ ሰውዬው እኔ ነኝ።) እርቁ በዚህ አለቀ፦ ጋሽ ይመር ድንጋዩ ካበራ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሸጦ አዲስ ቬንቲላተር ይገዛል፤ እሷም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ካልሆነ ወሎ፣ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች። ቀልድ አልነበረም፤ ዓይኗን አይቻለሁ።

ድንጋዩ አበራ። ገዢም መጣ። ሻጭ ግን ጠፋ። አንድ የወደብ ጫኝና አውራጅ ቀይ አቂቅ ቢጠይቀው፣ ሲሚንቶ የምትሸከም እጅ ላይ ይፋቅብሃል ብሎ መለሰው። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አረንጓዴዋን ለእጮኛዬ ቢለው ስለ ልጅቱ ጠባይ ይጠይቀው ጀመር፤ ሹፌሩ ተናዶ ሄደ። አሥር ቀን ሞላ፣ አንዲት ጠጠር አልተሸጠችም። እኛ ቤት ያለችውን አንዲት ቬንቲላተር ሚስቴና እትዬ ዘሀራ ወርሰዋታል፤ እኔ ግድግዳ ጥግ ላብ በላብ ሆኜ ስለ ሰው ትዳር አስባለሁ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ጋሽ ይመር ሥራ እንደገባ እትዬ ዘሀራ ተነስታ ሄደች፤ ሱቁን ከፈተችና በሩ ላይ ተቀመጠች። የማንንም ጠባይ አልጠየቀችም። የወደብ ሠራተኞች ሲወጡ አቂቁ አልቆ ነበር፤ ከመምሸቱ በፊት አዲስ ቬንቲላተር ቤቷ ውስጥ ይዞር ጀመር።

ጋሽ ይመር ሲመጣ አብሬው ገባሁ። ነፋሱ ፊቱን ሲመታው ወደ ድንጋዮቹ ሣጥን ሄዶ ከፈተው። ባዶ ነው። ቁጭ አለ።

«አረንጓዴዋንም?» አለ፣ ቀና ሳይል።

እትዬ ዘሀራ የሻሿን ጫፍ ፈታች። አረንጓዴዋ ድንጋይ መዳፏ ላይ ቁጭ አለች።

«ያ ሹፌር ተመልሶ መጥቶ የጠየቅሽውን ልክፈል አለኝ» አለች። «ብርሃን ላይ ያዝ አድርጌ አየኋት። እሷንስ እኔም አልቻልኩም፣ ይመር።»

ጋሽ ይመር ድንጋይዋን ተቀበለና ከእትዬ ዘሀራ ጎን ጋደም አለ። እኔም ሽምግልናዬ ሠመረ ብዬ፣ ፍራሿን ላመጣላት ልወጣ ስል፣ ዓይኖቹ ወደ ቬንቲላተሩ ሲዞሩ አየሁ።

«ሞተሯ ግን» አለ በቀስታ፣ «ከበፊቷ የበለጠ ጉልበት አላት።»

እትዬ ዘሀራ ሰምታዋለች። ፍራሼን ተወው፣ እዚያው ይቀመጥ አለችኝ።