አስካለ በአየር ላይ የያዘችው ጉርሻ

በእኛ አገር «አልበላም» ማለት «ትንሽ ቆይተህ ለምነኝ» ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጎጆ ከተማ ለድግስ ቢጠራ ጦሙን አድሮ ይመለሳል። እንግዳ መጀመሪያ «ጠግቤያለሁ» ይላል፤ ከትናንት ጀምሮ እህል ባይቀምስም። ሁለተኛ ሲለመን «ኧረ በቃኝ» ይላል፤ ዓይኑ ግን ከሥጋው ላይ አልተነሣም። ሦስተኛ «በሞቴ» ሲባል እጁን ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ኃይል የለም። ሙሽራ ስትሆን ደግሞ ልመናው ሰባት ጊዜ ይደርሳል። የአጎቴ ሚስት በሙሽርነቷ ሦስት ቀን ስትግደረደር ሰንብታ፣ በአራተኛው ቀን ለማኙ ደክሞት ዝም ቢል፣ ሞሰቡን ከነክዳኑ ልትውጠው ደረሰች ይባላል። ክዳኑን የጨመርኩት እኔ ልሆን እችላለሁ።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ መግደርደርን ግን ከሩቅ እለያለሁ። እስከዚያች ሐሙስ ድረስ እንዲህ ብዬ አምን ነበር።

ልጄ ያገባት ሰናይት አዲስ አበባ ተወልዳ አምቦ የምታስተምር ልጅ ናት። ጋብቻው እዚያው አምቦ በጥቂት ሰው ፊት ተፈጸመ፤ ለእሑድ ደግሞ ዘመድ አዝማድ ሊያያት ጎጆ እኛ ቤት ድግስ ተደገሰ። ልጄ ድንኳን ሊያስተክል ቀድሞ ስለሄደ ሙሽራዋን ይዞ የመምጣቱ ክብር ለእኔ ደረሰ። መኪናችን ሰው እስኪሞላ ድረስ ልጅ ተወልዶ ክርስትና ይነሣ ነበርና፣ ምሳ እንብላ ብለን መናኸሪያው አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ገባን።

«አካም ጅርቱ አባባ፣ ምን ይምጣ?» አለች አስተናጋጇ፣ ጫልቱ።

እኔ ዶሮ ወጥ አዘዝኩ። ምራቴ ግን ጎንበስ ብላ በቀስታ፣ «እህቴ፣ እኔ የእንቁላል አለርጂ አለብኝ። እንቁላል የነካው ድስትም ቢላም አይሆነኝም፤ ከተቻለ…» አለቻት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰው ቤት ገብቶ ስለ ድስት ያወራ ሰው እኛ ዘንድ ሁለተኛ አይጋበዝም። ጫልቱ ታፈጥባታለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ዕቃውም ቢሆን አይደል?» ብላ አረጋግጣ ወደ ጓዳ ገባች። ወዲያው «እትዬ አስካለ፣ ነይ እስቲ» ስትል ተሰማ፤ ወጥ ሠሪዋ ራሷ እርጥብ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች።

«ልጄ፣ ሲነካሽ ማሳከክ ነው ወይስ ትንፋሽ ያጥርሻል?»

«ትንፋሽ ያጥረኛል።»

«እንግዲያው መጥበሻውን እርሺው፤ ከጠዋት ጀምሮ እንቁላል ሲጠበስበት ነው። የጾም ድስቶቼ ግን ለብቻቸው ናቸው፤ ቢላውም ማማሰያውም። እንቁላል ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። ሽሮና ጎመን ልሥራልሽ?»

ለእግዜር ተብሎ የተለየ ድስት ለሰው ጉሮሮም እንደሚሆን ያን ዕለት አየሁ። ቢሆንም ከነከነኝ። የእኔ ምራት በድግሷ ሳምንት፣ በፍስክ ቀን፣ እንደ መነኩሴ ሽሮ ትብላ? ባለቤቴ ይህን ብትሰማ ከነጋቢዬ ውጭ ታሳድረኛለች።

ዶሮዬ መጣ፤ እንቁላሉ መካከል ላይ እንደ ሹም ተጎልቷል። የእሷ ሽሮ በሌላ ትሪ፣ ራቅ ብሎ ተቀመጠላት። በደስታ በላች። «ይኸውና፣ ርቧት ነበር» አልኩ በልቤ፤ የእንቁላሉንም ነገር ከመግደርደር ቆጠርኩት። እሷ ደግሞ ቀና ብላ፣ «አባባ፣ እነዚህን ሰዎች ማመስገን አለብን። ብዙ ቦታ ‹ትንሽ ብትቀምሺ ምን ትሆኛለሽ› ይሉኛል። እዚህ አመኑኝ» አለችኝ።

ምስጋና ከሆነማ እኔ አለሁ። አስካለን አስጠራኋት። ማማሰያዋን እንደያዘች፣ ፊቷን አጨፍግጋ መጣች።

«ፀጉር ነው?» አለች።

«የለም፣ ምስጋና ነው።»

«ባለፈውም ምስጋና ነው ብለው ጠርተውኝ ዝንብ ነበር።»

አልፈርድባትም። ወጥ ሠሪ የምትጠራው ስትወቀስ ብቻ በሆነበት አገር ምስጋና እንዴት ይታመን? ቃል ትቼ ተነሣሁና ከዶሮው አንድ ወፍራም ጉርሻ ጠቅልዬ አጎረስኳት። ጎንበስ ብላ በአክብሮት ተቀበለች፤ ጉንጮቿ እንደ ወናፍ ተነፉ።

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛው ለማን ይሁን? ለምራቴ ነዋ። ያን ሹም እንቁላል ለሁለት ከፈልኩት፣ በመረቁ አራስኩት፣ በእንጀራ ጠቀለልኩት፤ የጥጃ ራስ አከለ። «እንቺ ልጄ፣ በሞቴ!»

መልኳ ተለወጠ። «አባባ፣ እኔ እኮ…»

«አፈር ስሆን!»

በዙሪያችን ያሉት ተመጋቢዎችም፣ «ተቀበዪ እንጂ፣ የአማት እጅ ይመለሳል እንዴ?» እያሉ አገዙኝ። ሰናይት እኔን አየች፣ ሰዎቹን አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና አፏን ከፈተች።

አስካለ ልትጮህ ፈለገች፤ አፏ ግን በእኔው ጉርሻ ተሞልቷል። ስለዚህ እጄን አንጓዬ ላይ ቀጨም አደረገችው። እንቁላሉ ነጭ ጋቢዬ ላይ ወደቀ፤ መረቁ ተፈናጥሮ የምራቴን ከንፈር ነካ።

በቅሎ ረግጣኛለች፣ ጎርፍ ወስዶኛል፣ አንድ ጊዜም በሕይወቴ ሳለሁ ተለቅሶልኛል፤ ሳጎርስ እጄን የያዘ ሰው ግን አልነበረም። ይህ ለሽማግሌ ዳኝነት የሚደርስ ነገር ነው። ልሰድባት አፌን ስከፍት እሷ የጎረሰችውን ዋጥ አደረገችና፣ «ይቆጡኝ አባባ። እጅዎን ግን አልለቅም» አለች።

ጫልቱ የሰናይትን ከንፈር በውኃ ማጠብ ጀምራለች። ያን ጊዜ አየሁ። መረቁ የነካበት ቦታ እያየሁት እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። እኔ የማጋንን ሰው ነኝ፤ ይህን ግን አላጋነንኩም። ምራቴ ከቦርሳዋ ክኒን አውጥታ ዋጠች። ጫልቱ ሮጣ ወጥታ፣ ምናልባት ትንፋሿ ካጠረ ብላ ባጃጅ በር ላይ አቆመች። ባለባጃጁም ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀን። እኔ ቁጭ ብዬ የሰው ትንፋሽ አዳመጥኩ፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ። ስብከት እንኳ እንዲያ አዳምጬ አላውቅም። ተመስገን፣ ትንፋሿ አልሄደም፤ ከንፈሯም ቀስ በቀስ ጎደለ።

«ልጄ፣» አልኳት በመጨረሻ፣ «እያወቅሽ አፍሽን ለምን ከፈትሽ?»

«እርስዎ ለመኑኛ፣ አባባ። ሰው ሁሉ እያየ እጅዎን ልመልስ?»

ወዳጄ፣ ካበጠው ከንፈር ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። የተማረች፣ ሌላውን የምታስተምር ልጅ፣ እኔ እንዳላፍር ብላ ሞቷን ልትጎርስ ነበር። አጉራሹ ደግሞ እኔ፣ ያውም በፍቅር።

አስካለን በምን ላመስግናት? እጄን ካነሣሁ ትይዘዋለች። ጋቢዬን አውልቄ ብሰጣት መረቁን አይታ፣ «እሱንስ ራስዎ ይጠቡት» አለችኝ። «ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ» ብዬ መረቅኳት፤ «አሜን» አለች። የእሑዱን ድግስ ከነድንኳኑ ስነግራት ማማሰያዋን አነሣች። «ምስጋናዎ ለእሑድ ይቆየኝ፣ አባባ። ለመሆኑ ድንኳኑ ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚያጎርሳት?»

አክስት፣ አጎት፣ የክርስትና አባት፣ ጎረቤት… ሁሉም እጁ ላይ ዶሮ፣ አፉ ላይ «በሞቴ»።

እሑድ ሲደርስ ለሰናይት የጾሙን ድስት አስለይቼ፣ ድንኳኑ መካከል ቆሜ ነገሩን አስረዳሁ። እንቁላል ይገድላታል አልኳቸው። ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ዕድሜዬን ሙሉ ሲቀልድ የኖረ ሰው እውነት የሚናገርበት ቀን የለውም ለካ። ልጄም ከጎኔ ቆሞ፣ «እውነቱን ነው» ቢላቸው፣ «እሱም ያባቱ ልጅ ነው» ብለው ባሰባቸው።

ስለዚህ ምራቴ አጠገብ እንደ ዘበኛ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣችው ታላቅ እህቴ ጌጤ ናት፤ ከካቺሲ ድረስ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ስትንገላታ የመጣችው ይችን ሙሽራ ልታጎርስ ነው። እንቁላሉን ጠቅልላ፣ «በሞቴ» ብላ ዘረጋች። እጇን አንጓዋ ላይ ቀጨም አደረግኩት።

ጌጤ ድግሱን ትታ ሄደች። ከሷ በኋላ የስንቱን እጅ እንደያዝኩ አልቆጠርኩም፤ የያዝኩት ሁሉ ግን አኩርፏል። ምራቴ ደህና ናት፤ አምቦ ተመልሳ አስካለ ጋ እየገባች ሽሮዋን ትበላለች። እህቴ እስከ ዛሬ አታናግረኝም፤ «በሕዝብ ፊት እጄን የያዘ» ነው የምትለኝ። አልቀየማትም። እኔም አምቦ ላይ እንደሷው ተቆጥቼ ነበር፤ እኔን ያበረደኝ ያበጠ ከንፈር ነው። እሷ፣ እግዜር ይመስገን፣ የምታየው ከንፈር አላገኘችም።